ሚዛን የተሰቀለበት ጓዳ

ድንቅቱ የታላቅ ወንድሜ የኢብሳ ሚስት ናት። አምቦ ከተማ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርታለች። መርፌዋ አያምም ይባላል፤ ሌላ ነርስ ሲያዩ የሚያለቅሱ ሕፃናት እሷን ሲያዩ ዝም ይላሉ። አምቦ የሚያውቃት በዚህ ነው። ጌዶ፣ እናታችን ቤት ግን፣ ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በሌላ ነገር ነበር። እጅ የላትም ትባል ነበር።

በኛ አገር የአንዲት ሴት ወጥ ሲጣፍጥ የሚመሰገነው ወጡ ሳይሆን እጇ ነው። ሽንኩርቱ ያው ሽንኩርት፣ በርበሬውም ያው በርበሬ ነው፤ ልዩነቱ ከእጇ ነው ይባላል። ይህ ደግሞ ወይ ይሰጣል ወይ አይሰጥም። አይማሩትም፣ አይበደሩትም።

እናቴ አዴ ጉዴ ተሰጥቷት ነበር። በጌዶና በዙሪያዋ ሰርግ ሲደገስ የቀይ ወጡ ድስት የሚጣደው እሷ ስትደርስ ነው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቤታችን ገና ሳይታይ፣ የወጧ ሽታ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ይቀበለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተማ ኖሬአለሁ፤ ብዙ ገበታ ላይ ቀርቤአለሁ። ያ መታጠፊያ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ድንቅቱ ለዚህች ሴት ምራት ሆና የመጣችው በ1988 ዓ.ም. ነው። እንደ ደንቡ፣ ከሰርጉ ጥቂት ቆይቶ እናቴ ጓዳውን ለቀቀችላትና ወጥ ሠርታ አበላችን። ያን ቀን የበላሁትን አልረሳውም። ሽንኩርቱ ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሥጋው ከሁለቱም ጋር ተኳርፏል። ሁላችንም እናቴን እናያለን። እሷ አንድ ጉርሻ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠችና፣

"መድኃኒት መስጠቱን ግን ትችያለሽ፣ አይደል?" አለቻት።

ሳቁን የጀመረችው ጎረቤታችን እትዬ አመለሸጋ ናት። ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ፣ ምላሷ ከምትሸጠው ሚጥሚጣ የሚብስ ሴት ናት። "አይዞሽ የኔ ልጅ" አለች፣ "ይኼን በልቶ የታመመውን ሰውም የምታክሚው አንቺው ነሽ። ሥራ አታጪም።"

ድንቅቱም አብራን ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እናቴ በስሟ አልጠራቻትም፤ "የኢብሳ ሚስት" ነው የምትላት። ጓዳም አላስገባቻትም። ጌዶ በመጣን ቁጥር ድንቅቱ ሳሎን ከወንዶቹ ጋር ትቀመጣለች። ሳህን ልታጥብ ስትነሣ እንኳ እናቴ ከውስጥ ሆና "ተይው፣ ተቀመጪ፣ እንግዳ ነሽ" ትላታለች። ለአንዲት ምራት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዳ ነበረች።

በ1996 ክሊኒኩ አንዲት ኮሪያዊት በጎ ፈቃደኛ ነርስ መጣች። ስሟ ሱንኢ ነው፤ አምቦ ሱኒ አላት። እሷና ድንቅቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሕፃናት ይመዝናሉ፣ ይከትባሉ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሱኒ ኢብሳንና ድንቅቱን ምሳ ጠራቻቸው። ከጎጆ ከተማ የመጣ ድንች ፈቅፍቃ፣ ሊጡን በአምቦ ውሃ አላልታ፣ እንደ ቂጣ በመጥበሻ ጠብሳዋለች። ነጭ ሩዝ አለ። በነጭ ሽንኩርትና በቀይ በርበሬ ታሽቶ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንም አለ። ኢብሳ ጎመኑን ቀመሰና ዐይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው።

ድንቅቱ "እጅሽ ይጣፍጣል" ልትላት ፈለገች፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ጨነቃት። እንደምንም አስረዳቻት። ሱኒ ከት ብላ ሳቀችና ከመደርደሪያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። የኮሪያ ቤተሰብ ምግብ አሠራር ነው። በውጭ አገር ተወልደው የእናቶቻቸውን ምግብ መሥራት ላልቻሉ ልጆች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው።

"ከቤት እስክወጣ ድረስ እንቁላል መቀቀል አልችልም ነበር" አለቻት ሱኒ። "የምትችለው እናቴ ናት። እኔ ያለኝ መጽሐፉ ነው።"

ድንቅቱ ይህን ብዙ ጊዜ አጫውታኛለች። የገረማት መጽሐፉ አልነበረም። የገረማት ሱኒ "አልችልም ነበር" ስትል መሳቋ ነው። እንደ ነውር አልቆጠረችውም። ልክ "ብስክሌት መንዳት አልችልም ነበር" እንደማለት አድርጋ ነው ያለችው።

ሱኒ አገሯ ስትመለስ መጽሐፉን ለድንቅቱ ትታላት ሄደች። ድንቅቱ መጀመሪያ የሞከረችው ያንን ጎመን ነው። መጽሐፉ ያዘዘውን ሁሉ አደረገች። በጨው አሸች፣ ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች፣ በርበሬ ለወሰች፣ ጎመኑን በመስታወት ዕቃ ጠቅጥቃ ጥግ አስቀመጠች። በሳምንቱ ከፈተችው፤ አልኮመጠጠም። ሌላ ሳምንት ጠበቀች። ጎመኑ ዝልፍልፍ ብሎ ተኝቷል፣ ሽታው ደግሞ የክሊኒክ ወለል ነው።

ምክንያቱን ያገኘው ኢብሳ ነው፤ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው።

"ጎመኑን በምን አጠብሽው?"

"በበረኪና ነዋ! በጥሬው የሚበላ አትክልት በምን ይታጠባል?"

"ዕቃውንስ?"

"ቀቅዬዋለሁ። በበረኪናም አጥቤዋለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እንዲኮመጥጥ የሚያደርጉትን ፍጥረቶች እኮ ጨርሰሻቸዋል! አንድም ነፍስ አላተረፍሽም!"

ኢብሳ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ድንቅቱ ግን መጽሐፉን ገለጠችና ያንን ገጽ ደግማ አነበበችው። በበረኪና አትጠቢ የሚል የለም። ለምን ይኖራል? ጻፊዋ በሕይወቷ ጎመን በበረኪና የሚያጥብ ሰው አይታ አታውቅም። ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን ነገር አይጽፈውም። ሳያስበው የሚተወውንም እንደዚያው። ድንቅቱ ያን ቀን ይህን ያዘች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለእናቴ ወጥ የጠቀማት ይኸው ነው።

ወደ እናቴ ጓዳ ያስገባቻት ታናሽ እህታችን መቲ ናት። መቲ ነቀምት ኮሌጅ ስትማር ቤት ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር። በየሳምንቱ እናቴን በስልክ ትጨቀጭቃታለች።

"እማዬ፣ በርበሬው ምን ያህል ነው?"

"እስኪበቃው።"

"ውሃውስ?"

"እስኪበቃው።"

"መብቃቱን በምን ዐውቃለሁ?"

"ሲበቃው ታውቂዋለሽ።"

አንድ የእረፍት ቀን ሁላችንም ጌዶ ተሰብስበን ሳለ መቲ ተነሥታ፣ "እማዬ፣ አንቺ የምትሠሪውን ድንቅቱ ታይና ትጻፍልኝ፤ እሷ መድኃኒት ስትሰፍር የኖረች ናት" አለች።

እናቴ ሳቀች። "ትጻፍ። ወረቀት ወጥ ሲሠራ አያለሁ።"

ለማላገጥ ነው ያለችው። ድንቅቱ ግን እንደ ፈቃድ ወሰደችው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ክሊኒኩ አዲስ ሲገዛ የጣለውን አሮጌ የሕፃናት ሚዛን በፌስታል ይዛ መጣች። ከላይ የሚሰቀል፣ ፊቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ የሆነ፣ ከሥሩ ሕፃኑ የሚገባበት ባለ ሁለት እግር የጨርቅ ሱሪ ያለው ነው። የጓዳው ማገር ላይ ሰቀለችውና ሱሪውን በሽንኩርት ሞላችው። ሱሪው እግሮቹን ነፍቶ እየተወዛወዘ ሳለ እትዬ አመለሸጋ በሩ ላይ ደረሰች።

"ውይ በሞትኩት! ስንት ወሩ ነው?"

"ዛሬ ገና ነው የመጣው" አለች ድንቅቱ ሳትዞር።

"ክትባቱንስ ወስዷል?"

"የመጀመሪያውን ወስዷል። ክብደቱ ጥሩ ነው፣ በወሩ ይመለስ።"

"ጉዴ!" አለች እትዬ አመለሸጋ ወደ እናቴ ዞራ፣ "የልጅ ልጅሽ ፊቱ ቀላ፣ ቶሎ ከትፈሽ ጣጂው።"

እናቴ መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቀች። ሥራው እንደዚህ ነበር የሚካሄደው፦ እናቴ በርበሬ ዘግና እጇን ወደ ድስቱ ስትዘረጋ ድንቅቱ ከሥር ሳህን ትደቅናለች፣ ትመዝናለች፣ ትጽፋለች፣ ከዚያ ወደ ድስቱ ትገለብጠዋለች። ጨው ላይ ሳህን፣ ቅመም ላይ ሳህን። ውሃው ሳይቀር በመድኃኒት መስፈሪያ ያልፋል።

"እጄን አትያዢኝ!" ትላለች እናቴ።

"አልያዝኩም አዴ፣ ሳህን ብቻ ነው።"

"ሳህንሽ ነው የያዘኝ!"

አንድ ክረምትና አንድ በጋ እንዲህ አለፈ። የሚገርመው፣ እናቴ በየጊዜው የምትዘግነው በርበሬ ሲመዘን ልዩነቱ ከጣት ቁንጥር አይበልጥም ነበር። ድንቅቱ ይህን በነገረቻት ቀን እናቴ ሳህኑን ራሷ አቀበለቻት።

ችግሩ የመጣው አምቦ ላይ ነው። ድንቅቱ በጻፈችው መሠረት ቤቷ ወጥ ሠራች። ሽንኩርቱ በሚዛን፣ በርበሬው በሚዛን፣ ሥጋው በሚዛን ነው። በርበሬውም ቅቤውም ከእናቴ ቤት የመጣ ነው። ወጡ ግን የእናቴ ወጥ አልሆነም። ከሥሩ መረር ይላል። ደግማ ሠራች፣ ያው ነው። ከላምባ ወደ ከሰል፣ ከከሰል ወደ እንጨት ለወጠች፤ ያው ነው። ኢብሳ ዝም ብሎ ይበላል። ኢብሳ ዝም ብሎ ሲበላ ደግሞ ወጡ ምን እንደሚመስል መጠየቅ አያስፈልግም።

"እውነቱን ንገረኝ" አለችው አንድ ቀን።

"የእናቴን ወንድም ይመስላል" አላት። "እናቴን ሳይሆን ወንድሟን።"

ጽሑፉን ግን አልጣለችውም። "አንድ በረኪና አለ" ትል ነበር። "አዴ የማታውቀው፣ እኔም ያላየሁት አንድ በረኪና።"

በ2002 ጥቅምት ላይ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ከጋሪ ወደቀች። ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። በጀሶ ታሰረ፤ ጣቶቿ አብጠው አልታጠፍ አሉ። የመቲ ሰርግ ቀን የተቆረጠው ለጥር ነው።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አጎታችን ከአምቦ የድግስ ሠራተኞች ይቀጠሩ አለ። ነገሩ ተገቢ ነበር፤ ማንም አልተቃወመም። እናቴ ግን የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያኔ ሳያት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያላየሁት ነገር ፊቷ ላይ ነበር።

"የሰውን ልጅ ሁሉ ስድር ኖሬ፣ ለመቲ ቀን የማላውቀው ሰው ወጥ ይቅረብ?" አለች። "እንግዳው ምን ይላል? ምነው የጉዴ ወጥ ለልጇ ቀረ፣ አይልም?"

ድንቅቱ ከሳሎኑ ጥግ ተናገረች።

"የሚቀርበው የእርስዎ ወጥ ይሆናል አዴ። እኔ እሠራዋለሁ።"

እትዬ አመለሸጋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቴ ድንቅቱን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "ከቅጥር ሠራተኛ አንቺ ትሻያለሽ ብዬ አይደለም" አለች በመጨረሻ። "ግን እነሱ ሽንኩርቴን እንኳ አያውቁትም።" እሺታዋ ይህ ነበር። አጎታችንም ራሱን ነቅንቆ፣ "እንግዲያው የሚበላ ሽሮም በጎን ይሠራ" አለ።

ድንቅቱ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ጌዶ ገባች። ጠዋት የእናቴን ጣቶች ታሻለች፣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፤ ከዚያ ያንን ወጥ ትሠራለች። እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። መጀመሪያ የሠራችው ያው አምቦ የሠራችው ሆነ። መረር ይላል። እናቴ ቀምሳ "ልክ ነው፣ ግን አይደለም" አለች። ምን እንደጎደለው ስትጠየቅ አታውቀውም።

ሰርጉ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት፣ ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ መቅላት ጀምሮ በርበሬው ሊጨመር ሲል፣ ከአጥሩ ውጭ እንዴት አደራችሁ የሚለው የታወቀ ድምፅ ተሰማ። ኦቦ ቀጀላ ናቸው። ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ፣ ከብቶቻቸውን ውሃ አጠጥተው ሲመለሱ እኛ ቤት ሰላም ሳይሉ አልፈው የማያውቁ።

"አካም ቡልተን!"

እናቴ ልትነሣ ሞከረች፤ እጇ ጠዘጠዛት፣ ተመልሳ ተቀመጠች። "ሂጂና ስለኔ ሰላም በያቸው" አለች። "ዝም ካልናቸው ቅር ይላቸዋል።"

ድንቅቱ ድስቱን አየች። ሽንኩርቱን ትታ እንዴት ትሂድ? ግን ሽማግሌን አጥር ላይ ማስቆምም አይቻልም። እናቴ ስታደርግ እንዳየችው እንጨቱን ከጉልቻው ጎትታ ፍሙን ብቻ ተወች፤ ድስቱን ከደነች፤ ወጣች። የጌዶ ሰላምታ ደግሞ አጭር አይደለም። ነጋ ቡልተኒ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ? ልጆቹ ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ ጎረቤቱ ደኅና፣ አምቦ ደኅና። የጉዴ እጅስ? የጥጃዋ እግርስ? እንደገና ከመጀመሪያው። በመጨረሻ "ገለተ ዋቃ!" ተባብለው፣ አምላክን አመስግነው ሲለያዩ ድንቅቱ እየሮጠች ተመለሰች።

ክዳኑን ስታነሣ ሽንኩርቱ አላረረም። በራሱ እንፋሎት ርሶ፣ ልስልስ ብሎ፣ ቀይ ወርቅ መስሎ ተኝቷል። ድስቱ ሥር የተያያዘውም ለቋል። ሽታው መንገዱ መታጠፊያ ላይ የሚቀበለኝ ሽታ ነበር። ይህን በሐሳብ አይደለም የምናገረው፤ እኔ ያን ጊዜ ሳሎን ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር፣ ሳላውቀው ተነሥቼ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ተገኘሁ።

ድንቅቱ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማለች። "ሞቲ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "ሰላምታው ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ወጥ በሠራች ቁጥር ኦቦ ቀጀላ ወይም ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት ያልፋል። በዚያ መንገድ ሰው የማያልፍበት ጠዋት የለም። እናቴ እንጨቱን ትጎትታለች፣ ትከድናለች፣ ትወጣለች። ድንቅቱም ምራት ናትና፣ አማቷ ሽማግሌ ልትቀበል ስትወጣ ተቀምጣ መጻፍ ነውር ስለሆነ፣ ብዕሯን አስቀምጣ ተከትላት ትወጣለች። ስለዚህ ያ ሰዓት ወረቀቱ ላይ የለም። አምቦ ላይ ደግሞ በሯን ዘግታ፣ ሽንኩርቱን አንድ ደቂቃ ሳትለቀው ስታማስል ነበር የምትውለው። ጌዶ ከገባች ወዲህም አላፊውን ሰላም የምትለው እናቴ ስለነበረች፣ እሷ ከድስቱ አልተነሣችም ነበር። በጣም ተጠንቅቃ ነው ያበላሸችው፤ እንደ ጎመኑ።

የሰርጉ ዋዜማ ደረሰ። ጓሮ ውስጥ ትልልቅ ድስቶች በየጉልቻው ተጥደዋል። የእድሩና የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ ያነባሉ፤ ዳሱ ሥር ብርዙ በየጋኑ ተሰልፏል። ድንቅቱ ወረቀቷን በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ሰቅላ እያየች ታዛለች። ሚዛኑም ከዛፍ ላይ ተሰቅሏል። እናቴ የታሰረ እጇን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"ወረቀቱ ምን ይላል? ላልቅስ ወይስ ይበቃኛል?" ትላለች እትዬ አመለሸጋ ዐይኗን እየጠረገች።

"እስኪበቃዎት ድረስ ያልቅሱ" አለች ድንቅቱ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ሽንኩርቱ መቅላት ጀመረ። በዚያው ሰዓት ከጎጆ የመጡ ዘመዶቻችን ድንች የጫነ መኪና አስከትለው በር ላይ ደረሱ። ድንቅቱ እጇን አጨበጨበች።

"እንጨቱን ጎትቱ! ሁሉንም ድስት ክደኑ! አሁን ሁላችሁም ወጥታችሁ እንግዶቹን ሰላም በሉ!"

ሴቶቹ ማማሰያ እንደያዙ ቆሙ። "ሽንኩርት ጥደን?" አለች አንዷ።

"ቢያርስ?" አለች እትዬ አመለሸጋ።

"ካረረ እኔን ጥበሱኝ። ስለ ከብቱ ሳትጠይቁ አንዳችሁም እንዳትመለሱ!"

እናቴ ከወንበሯ ጮኸች። "ምን እያደረግሽ ነው? ድስት ጥዶ ወዴት ነው የሚወጣው?"

"እርስዎ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ነው አዴ።"

"እኔ? እኔ በሕይወቴ ድስት ጥጄ ተነሥቼ አላውቅም!"

ድንቅቱ አልተከራከረችም። ሴቶቹን እየነዳች ወጣች። የጎጆ ሰዎች እንዲህ ያለ አቀባበል አይተው አያውቁም፤ ሃያ ሴት በአንድ ጊዜ ስለ በጎቻቸው ጠየቃቸው። ጓሮው ውስጥ እናቴ ብቻዋን ከከደኗቸው ድስቶች ጋር ቀረች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነበርኩ፤ አየኋት። ተነሥታ በግራ እጇ አንዱን ክዳን ከፈት አደረገች፤ አሸተተች፤ መልሳ ከደነችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም።

በማግስቱ፣ የመዘምራኑ ዝማሬ ካለቀና ሙሽሮቹ ከተቀመጡ በኋላ ወጡ ቀረበ። ድንቅቱ ጓሮ፣ ድስቶቹ አጠገብ ቆማለች፤ ዳሱ ውስጥ ልትገባ አልደፈረችም። መጀመሪያ የመጣው ጸጥታ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መብላት ሲጀምር የሚመጣው ጸጥታ። ከዚያ ሳህን ይዘው የሚመላለሱት ልጆች እየሮጡ መምጣት ጀመሩ። "ጨምሩ! በዚያ በኩል አልቋል! ሽማግሌዎቹ ጨምሩ ይላሉ!" የአጎታችን ሽሮ እንደተከደነ ውሏል።

ኦቦ ቀጀላ ከዘራቸውን ይዘው እያነከሱ ወደ ጓሮ ሲመጡ አየናቸው። ቀጥ ብለው ወደ እናቴ ሄዱ።

"ጉዴ! ጋሪ ጣላት፣ እጇ ተሰብሯል ብሎ የዋሸኝ ማን ነው? ይኸው ሠርተሽ የለም እንዴ! ከሃያ ዓመት በፊት የኔ ልጅ ሰርግ ላይ የሠራሽውን ወጥ እኮ ነው የበላሁት!"

እናቴ በጀሶ የታሰረውን እጇን ከነጠላዋ አውጥታ አሳየቻቸው።

ሽማግሌው እጇን አዩ። ድስቶቹን አዩ። "ታዲያ ማን ሠራው?"

"ድንቅቱ ናት" አለች እናቴ።

ከዚያ ከጥሬው ወጥ ቀን ወዲህ ስሟን ከእናቴ አፍ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

"የቷ ድንቅቱ? ያቺ እጅ የላትም የምትያት?"

"ማን ነው እንዲህ ያለው?" አለች እናቴ ተቆጥታ። "እኔ ብዬ አላውቅም! አመለሸጋ ትሆናለች ያለችው!"

"እኔ?!" አለች እትዬ አመለሸጋ፤ አፏ በወጥ ሞልቶ ስለነበር ግን መከራከር አልቻለችም። ድንቅቱ ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ኢብሳ እንኳ አላወቀም። ሴቶቹ እልል አሉ። ዳሱ ውስጥ የነበሩት እልልታውን ለሙሽራዋ መስሏቸው ተቀበሏቸው፤ እልልታው በጓሮና በዳሱ መካከል ሲመላለስ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ሴቶች ወረቀቷን መለመን ጀመሩ። መጀመሪያ ለመቲ ፎቶ ኮፒ ተደረገ፣ ቀጥሎ ለመቲ ጓደኞች፣ ቀጥሎ ድንቅቱ ለማታውቃቸው ሰዎች። ወንዶችም ጠየቋት፤ ገጠር የተመደቡ ወንደላጤ አስተማሪዎች። ድንቅቱ ሌላም ጨመረች። ወንጪ ሄዳ ቆጮ ከሚሠሩ ሴቶች ጋር ሰነበተች፤ ከጎጆ የድንቹንና የገብሱን አመጣች። በሄደችበት ሁሉ ሴቶቹ የሚሉትን ብቻ ሳይሆን የማይሉትን ታያለች። በ2005 አምቦ ላይ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ርዕሱ "እጅ የለኝም ለሚሉ" ነው። መጨረሻው ላይ የሱኒ ምግቦች አሉ፤ የድንቹ ቂጣ፣ ሩዙና ጎመኑ። ከጎመኑ ሥር በደማቅ ቀለም "በበረኪና አይታጠብ" ይላል።

የመጀመሪያውን ቅጂ ጌዶ ይዘን ሄድን። የእናቴ እጅ ድኗል፤ ትንሽ ቢደነዝዝም ማማሰያ ይይዛል። ወጥ ጥዳ ነበር። ጓዳ ውስጥ ተቀምጠን፣ ማንበብ ስለማትችል እኔ የቀይ ወጡን ገጽ አነበብኩላት። ድንቅቱ ከጎኗ ሽንኩርት ትልጣለች። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች፣ "እንዲያ ነው፣ ልክ ነው" እያለች አዳመጠች፤ እዚህ ላይ እስክደርስ ድረስ፦

"ሽንኩርቱ መቅላት ሲጀምር እንጨቱን ጎትቺ፣ ድስቱን ክደኚ፣ ወጥተሽ ጎረቤት ሰላም በዪ። ስለ ልጆቹም ስለ ከብቱም ሳትጠይቂ አትመለሺ።"

"ይኼ ውሸት ነው" አለች። "ድንቅቱ፣ ይኼን አውጪው። ሰው ጉዴ ወጥ ጥዳ መንደር ትዞራለች ይለኛል። እኔ ከድስቴ ርቄ አላውቅም።"

"እሺ አዴ" አለች ድንቅቱ። "ሁለተኛ ሲታተም አወጣዋለሁ።"

"ኧረ አሁኑኑ ሰርዢው! እስክሪብቶ የለሽም?"

በዚህ መሐል ከአጥሩ ውጭ "አካም ቡልተን!" የሚል ድምፅ መጣ። እናቴ ንግግሯን ሳትጨርስ ጎንበስ ብላ እንጨቱን ጎተተች። ድስቱን ከደነች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

እኔና ድንቅቱ ተያየን። ድስቱ ከክዳኑ ሥር ቀስ እያለ ይንሾካሾካል። ከውጭ የእናቴ ድምፅ ይሰማል፣ ስለ ልጆቹ ጠይቃ ጨርሳለች፤ አሁን ወደ ከብቱ ልትሄድ ነው።